የጋሽ ሀብቴ ምሽግ በኦግደን

ኦኮቶክስ ከተማ ወደምትኖረው ልጃችን ቤት በሄድን ቁጥር ባለቤቴ ርብቃ ኦግደን በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር በኩል እንድዞር ታደርገኛለች። እኛ ከምንኖርበት ከሳቫና ሰፈር ለሚነሳ ሰው ቀጥተኛው መንገድ አይደለም። ቢሆንም እዞራለሁ። ከባቡር ድርጅቱ ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ የጓሮ መተላለፊያ ውስጥ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ እሷ መስኮቷን ታወርዳለች፤ የአንድ ቤት ጓሮ ጥግ ላይ ሣር የለበሰች፣ ከወገብ የማታልፍ ጉብታ ታያለች፤ መስኮቱን ትዘጋለች፤ እንሄዳለን። ይህን ማድረግ ከጀመርን ስንት ዓመት እንደሆነን እኔም እሷም አናስታውስም።

ባለፈው መኸር ግን ገና መስኮቱ ሳይወርድ አንድ ወጣት ከጓሮው በር ወጣ። በእጁ ሜትር ይዟል። ግንባሩን ቋጥሮ ነበር የመጣው፤ ፊታችንን ሲያይ ፈታው።

«ሃይ፣ ሐበሻ ናችሁ እንዴ? መንገድ ጠፍቷችሁ ነው?»

ናሆም ይባላል። ቤቱን በቅርቡ ነው የገዛው። ከርብቃ ጋር እናቱ ከየት እንደሆኑ፣ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ፣ ሚስት እንዳላገባ ከተነጋገሩ በኋላ ሜትሩን ወደ ጉብታዋ ቀሰረ።

«ጋሼ፣ እዚች ጋ ጋራዥ ቢልድ ላደርግ ነበር። ዊንተር ሳይገባ ይቺን ነገር ሌቭል ማድረግ አለብኝ። ግን ላይክ፣ ከሥሯ ፓይፕ ምናምን ካለ ብዬ ፈራሁ። ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው አጣሁ።»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። «የኖርማን ምሽግ ናት።»

ከትከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ርብቃ ፊቷን ወደ ሌላ በኩል አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ከመኪናው ወርጄ ታሪኩን ነገርኩት። ለእሱ አሳጥሬ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ነዳጅ ካልጋሪን ያሳበደበት ዘመን ነበር። መሀል ከተማው በክሬን ተሞልቶ፣ ሰው ከየአቅጣጫው እየጎረፈ፣ ቤት ያጣው በመኪናው ውስጥ እያደረ ሥራ ይገባ ነበር። እኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነኝ፤ ገልባጭ መኪና እነዳለሁ። ከተማው ሁሉ ተቆፍሯል። በየቀኑ ለአዲስ ቤት ቤዝመንት ይቆፈራል፤ ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር የት እንደማደርሰው መጨነቅ የእኔ ድርሻ ነበር። አለቃችን ሎደሩ ሞልቶልኝ ሲያበቃ «ሂድና የሚቀበልህ ሰው ፈልግ» ይለኛል። ንጹሕ አፈር በነጻ የሚወስድ ሰው ወርቅ ነበር። ለሰው ሰላምታ ሳቀርብ እንኳ «አፈር አይፈልጉም?» ልል ምንም አይቀረኝም ነበር።

ያኔ የእኛ ሰው እዚህ በጣት የሚቆጠር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈረንጆች የቤተ ክርስቲያናቸውን ቤዝመንት ያውሱን ነበር፤ እዚያ ተሰብስበን እንጸልያለን፣ እንዘምራለን፣ ሻይና ሳምቡሳ ቀምሰን እንለያያለን። መዘምራኑ አራት ነበሩ፤ ከአራቱ ድምፅ የነበራት ርብቃ ብቻ ናት። መሀል ከተማ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ታይፒስት ነበረች። እኔ ለመዝሙር ይህ ነው የሚባል ፍቅር አልነበረኝም፤ በዚያ ዘመን ግን አንድም ልምምድ አምልጦኝ አያውቅም። እሷና እኔ ተስማምተናል። የቀሩት አጎቷ ጋሽ ሀብቴ ነበሩ።

ጋሽ ሀብቴ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ አዲስ አበባ ለብዙ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ ሲመጡ ኦግደን ውስጥ አንድ የዕቃ መጋዘን ተቀጠሩ። ስለ ሥራቸው ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እሮሯቸው ሁሉ ስለ አሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ነበር። አንድ ክረምት ለመምህራን ሥልጠና እንግሊዝ ተልከው ሳለ፣ አንድ ገጠር ውስጥ ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ያቆሙትን ምሽግ አይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ወሬ ከየትም ቢነሣ መጨረሻው እዚያ ነው። የድንች ዋጋ ብታነሣ እዚያ ነው፤ የጸሎት ርዕስ ብታቀርብ እዚያ ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ አገር ቤት መንገድ ሲያሠሩ የኖሩ ቀያሽ። ከሌሎች ሁለት ወንድሞች ጋር ጥር ላይ ኦግደን ሄዱ። እኔ ከሺፍት ቀጥታ ስለመጣሁ ገልባጩን ጥግ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ውስጥ የሆነውን እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ እንደ ወጉ።

«እንግዲያው ቆማችሁ ስሙኝ» አሉ ጋሽ ሀብቴ። አንዱ ወንድም ግድግዳው ላይ ስላለ ሥዕል ጠይቋቸው ኖሮ፣ ኖርማኖችን ባሕር ማሻገር ጀምረዋል። ኖርማኖቹ ተሻግረው፣ ተዋግተው፣ አገር ይዘው፣ ጉብታ መከመር ሲጀምሩ የጋሽ ታደሰ ጉልበት አልቻለም። ሦስቱም ሳይጋበዙ ተቀመጡ። ጉዳዩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጁ ሥራው ምንድነው?» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«ገልባጭ ይነዳል። አፈር ያመላልሳል።»

ጋሽ ሀብቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ያህል አፈር?»

መልሳቸውን ለትንሣኤ እንደሚሰጡ፣ እስከዚያ ግን ልጁ እየመጣ እንዲጎበኛቸው ተናግረው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። ጋሽ ታደሰ ወደ መኪናዬ ሲመጡ ፊታቸው ግራ ተጋብቷል። «እምቢ አላሉም» አሉኝ። «ግን ስላንተ ካነሣሁት ሁሉ የወደዱት አፈርህን ነው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሚስታቸው እትዬ ለተብርሃን ገንፎ አቅርበው ነበር፤ ጉብ ያለ ገንፎ፣ አናቱ ላይ ቅቤና በርበሬ፣ ዙሪያውን እርጎ። ማንኪያዬን ሳነሳ ጋሽ ሀብቴ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ይኸውልህ፤ ጉብታው ይህ ነው። ሰው የከመረው እንጂ ተራራ አይደለም። ቅቤው ያለበት የእንጨቱ ማማ ነው፤ ጌታው እዚያ ላይ ሆኖ አገሩን ያያል። እርጎው ዙሪያውን የተቆፈረው ቦይ ነው። ከሥር ደግሞ» አሉና የእትዬ ለተን ዳቦ ቆርሰው ከሳሕኑ ጎን አስቀመጡ፣ «ግቢው ይህ ነው፤ በግንድ የታጠረ፤ ፈረሱም፣ ማድ ቤቱም፣ ቀጥቃጩም እዚህ ነው። ጠላት አጥሩን ከሰበረ ሁሉም ወደ ላይ ይሸሻል። ድንጋይ ለመጥረብ ጊዜ አልነበራቸውማ! አፈርና እንጨት፤ የአገሬውን ገበሬ አስገድደው በጥቂት ሳምንት ያቆሙታል።»

«ይበላ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው» አሉ እትዬ ለተ።

«በጠመኔ ስሥለው ዕድሜዬን ፈጀሁ» አሉ ጋሽ ሀብቴ እንዳልሰማ ሆነው። «አንድም ተማሪ ወጥቶበት አያውቅም። ጓሮዬ ሰፊ ነው። አንተ አፈር አለህ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከጎን በኩል አንድ ማንኪያ ዛቅሁ፤ ቅቤው ያን ቀዳዳ ይዞ እርጎው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

በጥር ወር የካልጋሪ አፈር አፈር አይደለም። ከጉድጓዱ የሚወጣው እንደ ድንጋይ ጓል ሆኖ ነው፤ ገልባጩ ሲዘቀዝቀው ቋ ቋ እያለ ይወርዳል። በጓሉና በጓሉ መካከል በረዶና ባዶ ቦታ አለ። የቀዘቀዘ አፈር ክረምቱን አለት መስሎ ይቆማል፤ ሲሞቅ ግን የእትዬ ለተ ገንፎ ይሆናል። ይህን የማያውቅ የገልባጭ ሾፌር የለም። የመጀመሪያውን ጭነት ጓሮው ውስጥ ስገለብጥ ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ጆሮ ያለው ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ረጅም ካፖርታቸው ውስጥ ጠፍተው፣ በበትር በረዶው ላይ ክብ እየሣሉ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ትልቅ ሰው የለም።

«እንዴት ነው፣ ጥሩ አፈር ነው?» አሉኝ።

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄጄ ጉዱን ነገርኳቸው። ቀያሽ ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገኝም። «አይቆምም» አሉ ወዲያው።

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«እኔ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት ሰውዬውን ላስቀይም ነው? አንተ ንገራቸው።»

«ልጃቸውን ለምኜ፣ ሕልምዎ ሊፈርስ ነው ልበላቸው?»

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ታደሰ። ሁለታችንም ሻያችንን ጠጣን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸውም መጥተው ማማውን መሥራት ጀመሩ።

ለርብቃ ነገርኳት። «አንቺ እንኳ ልጃቸው ነሽ፣ ንገሪያቸው።»

«እኔ ተዉት ካልኩማ መልሱ እንዲፈጥንላት ነው፣ ለጋብቻው ቸኮለች ነው የሚሉኝ» አለች።

እትዬ ለተ ደግሞ በዚያ ቦታ ሁልጊዜ ድንች ይተክሉ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ሰው በብርድ አፈር አምጥቶ ሳለ ስለ ድንች ማንሣት ነውር መስሏቸው፣ ለእኔ በፔርሙስ ሻይ፣ ለጋሽ ሀብቴ ደረቅ ካልሲ ያቀብላሉ።

እውነቱን የተናገረው ጎረቤቱ ዋልተር ብቻ ነው። ባቡር ድርጅት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነበር፤ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ይህ እኮ በረዶ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ይወርዳል» አላቸው። ጋሽ ሀብቴ አመሰገኑት፤ ሳምቡሳ በሳሕን ተላከለት። በሳምንቱ መጥቶ ደገመው፤ ሌላ ሳሕን ተላከለት። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለሳምቡሳው ብሎ ይመስለኛል።

ጉብታው ጣሪያ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከመጋዘኑ የተጣሉ፣ ዕቃ የሚደረደርባቸው የእንጨት ፓሌቶች አምጥተን አናቱ ላይ ማማ አቆምን፤ ከሥሩ ግቢ አጠርን። ቦዩን መቆፈር አልተቻለም፤ መሬቱ ዶማ አያስገባም። ስለዚህ በረዶውን ዙሪያውን ዝቀን ቦይ የሚመስል ነገር ሠራን። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ሁሉም አየው፣ ሁሉም «ድንቅ ነው» አለ፣ ሁሉም መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ትክክለኛ ሐሳቡን ተናገረ።

የትንሣኤ ሰሞን ቅዳሜ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ቺኑክ የምንለው ሞቃት ነፋስም ከተራራው በኩል በዚያው ሰሞን መጣ። በምዕራብ ሰማዩ ላይ የደመናው ቅስት ተዘርግቷል፤ ጣሪያው ሁሉ ያንጠባጥባል፤ ሰው ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። እኔም ተበድሬ ለብሻለሁ፤ ጫማው ግን የራሴ ነበር። ዛሬ እሺ ካሉ ርብቃ ሚስቴ ናት፤ እምቢ ካሉ እሷም የአጎቷን ቃል አትሽርም፣ እኔም ዳግመኛ ያንን ቤዝመንት አልረግጥም።

«መልሱ ከማማው ላይ ነው የሚሰጠው» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ሁላችንም ወደ ጉብታው አየን። ያብለጨልጫል። ከሥሩ ቡናማ ውኃ በዝግታ ይወጣል።

«ደረቅ ይመስላል» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አድርገው።

ጋሽ ሀብቴ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ማማው ላይ ቆመው ግቢውን ቃኙ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ቀን እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን» ብለው ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው ትንሽ ዝቅ ያሉ የመሰለኝ። ዓይኔን አሻሸሁ። «ኖርማኖች ባሕሩን ተሻግረው በመጡ ጊዜ» ሲሉ ቀድሞ ከጀርባቸው ይታይ የነበረው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከራሳቸው በላይ ሆነ። ማማው ወደ ዋልተር ግቢ ዘመም አለ። ጋሽ ሀብቴ አንዱን ቋሚ ጨብጠው ቀጠሉ፤ የታሪክ መምህር ክፍል ውስጥ ጫጫታ ሲሰማ ትምህርቱን አያቋርጥም። «የአገሬው ሰው ይህን ሲያይ» እያሉ ጉብታው ሆዱን ለቀቀ። ጮኾ አልፈረሰም፤ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ ጋሽ ሀብቴን እንደቆሙ ይዟቸው ወረደ። ፓሌቶቹ አንድ በአንድ ተጋደሙ። ጭቃው የግቢውን አጥር ጥሎ፣ በዋልተር አጥር ሥር ገብቶ፣ ከጋራዡ ጎን የነበረችውን አሮጌ ጀልባ አነሣት። ጀልባዋ ከስንት ዓመት በኋላ ተንሳፈፈች።

እኔ አለቀልኝ ብያለሁ። ሽማግሌ ፊት ጭቃ ውስጥ ያስቀመጣቸውን ሰው ማን ዘመድ ያደርጋል? ሮጬ ገባሁ፤ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ጋሽ ሀብቴ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ ኮፍያቸው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጋሼ፣ ተጎዱ?»

«አልተጎዳሁም።» መነጽራቸውን በከረባታቸው ሊጠርጉ ሞክረው የባሰ አጨቀዩት። «በረዶ ነበር» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«አውቅ ነበር።»

«ያውቁ ነበር?»

«መጽሐፉን አንብቤ የለም እንዴ? አፈር እየተነጠፈ፣ እየተጠቀጠቀ ነው የሚከመረው። ግን አንተ በዚያ ብርድ ስታመላልስ አፈርህ አይረባም ልበልህ? በምን አፌ?»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ ጋሽ ታደሰ ከወዲያ።

«እኔስ?» አሉ እትዬ ለተ ከደረጃው ላይ። «ድንቹን የት ልትከለው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ እንጂ፣ መውረዱንማ አውቄ የለም?»

ዋልተር ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብሎ ጀልባውን አየ። «ተናግሬ ነበር» አለ። እትዬ ለተ ሳምቡሳ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።

መጀመሪያ የሳቀችው ርብቃ ናት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር፤ አልያዘላትም። ቀጥሎ ጋሽ ሀብቴ፤ ጭቃው ውስጥ ሆነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔና ጋሽ ታደሰ በሁለት ክንዳቸው ስበን ስናወጣቸው እንኳ አላቆሙም። ከዚያ ቀና ብለው ሽማግሌዎቹን አዩ።

«ተቀመጡ እንዳልላችሁ የት ላይ ትቀመጣላችሁ?» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «በል፣ ርብቃን ሰጥቼሃለሁ። መጀመሪያ ግን የዋልተርን ጀልባ አውጣለት።»

«እሺ ጋሼ!»

«ይሄ የትኛው እሺ ነው?» አሉኝ ዓይኔን እያዩ።

«እውነተኛው ነው።»

ከሥራ መልስ እየመጣሁ ጭቃውን በአካፋ ጠረግሁ። መጨረሻ ላይ ከወገብ የማታልፍ ጉብታ ጥግ ላይ ቀረች፤ እሷንም ልጠርግ አካፋ ሳነሳ ጋሽ ሀብቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ «ተዋት!» አሉኝ። ቀርበው ዞሯት።

«እንግሊዝ ያየሁት ይህንን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማማ መቼ አየሁ? አጥር መቼ አየሁ? እንጨቱ ከበሰበሰ ቆይቷል። ዝናቡ አውርዷት፣ ሣር በቅሎባት፣ በግ ይግጥባት ነበር። አስተማሪያችን ‹ምሽግ ነው› ባይለን ተቀምጠንባት ምሳችንን በልተን እንሄድ ነበር።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ለእነሱ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት የፈጀባቸውን እኛ በአንድ ከሰዓት ጨረስነው።»

ያን በጋ ሣር በቀለባት። እትዬ ለተ በአንድ ጎኗ ድንች ተከሉ፤ የሠርጋችን ፎቶግራፍ ላይ ጋሽ ሀብቴ ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሰው አናቷ ላይ ቆመዋል። ብዙ ሳይቆይ የነዳጁ ዘመን አለፈ። ክሬኖቹ ቆሙ፣ በመኪናቸው ያድሩ የነበሩት ወደ መጡበት ተመለሱ፣ አፈር የሚያመላልስ ሰው የሚፈልግ ጠፋ፤ እኔም አውቶቡስ መንዳት ጀመርኩ። ጋሽ ሀብቴ አረፉ፤ እትዬ ለተም ተከተሏቸው። ቤቱ ተሸጠ፣ ደግሞ ተሸጠ። እኔ አባቴን ሳልጠግበው ነው ከአገር የወጣሁት። እሳቸውን እንደ አባት ወድጃቸው ነበር፤ ይህን ግን በሕይወት ሳሉ አልነገርኳቸውም፤ እንደዚያ ዓይነት ነገር ፊት ለፊት መናገርም አይሆንልንም።

ናሆም ታሪኩን ሲሰማ ብዙ ሳቀ፤ ጉብታዋን በስልኩ ፎቶ አነሣት። ከዚያ ሜትሩን እጁ ውስጥ አገላበጠ።

«ዋው ጋሼ፣ ዛትስ ክሬዚ። ሶ፣ ፓይፕ የለም ማለት ነው። ባፈርሳት ችግር የለውም አይደል?»

የራስህ ቤት ነው፣ እንደፈለግህ፣ ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ባትነካት ደስ ይለኛል» አልኩት።

ወደ ጉብታዋ አየ፤ ወደ ርብቃ አየ፤ ወደ ሽበቴ አየ።

«እሺ ጋሼ» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ስናልፍ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ጉብታዋ ነጭ ለብሳ ከቦታዋ አለች። ጋራዥ የለም። የናሆም መኪና ከጎኗ በረዶ ተጭኗት ቆማለች፤ ሞተሯን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ገመድ በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ወጥቷል። እሱ ከመስታወቷ ላይ በረዶ ይፍቃል። እኛን ሲያይ መፋቂያውን አንሥቶ አውለበለበልን፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ፈገግ አለ።

«ይህ ልጅ በአንተ የተነሣ በብርድ ሊሞት ነው» አለች ርብቃ። «አጎቴ ራሳቸው ቢኖሩ ያፈርሱለት ነበር። ስንመለስ ትወርድና ጋራዥህን ሥራ ትለዋለህ፤ እሺ?»

ጉብታዋን በጎን መስተዋቱ አየኋት።

«እሺ» አልኳት።

ርብቃ የትኛው እሺ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። መስኮቷን ዘጋች፤ ወደ ኦኮቶክስ ቀጠልን።